በቆዩ አውቶሞቢሎች የኋላ በሮች ላይ የሚገኘውን የሕፃናት መቆለፊያ ስለመልቀቅ

የሕፃናት መቆለፊያ በአብዛኛዎቹ ባለአራት በር አውቶሞቢሎች የኋላ በሮች ላይ የሚገኝ፣ በሩ ከውስጥ በኩል እንዳይከፈት የሚያደርግ አነስተኛ የደኅንነት መሣሪያ ነው። በተለምዶ «ቻይልድ ሎክ» እየተባለ ይጠራል። የተሠራበት ዓላማ በጉዞ ላይ ያለ ሕፃን የውስጡን እጀታ ስቦ በሩን እንዳይከፍትና ከተሽከርካሪው እንዳይወድቅ ለመከላከል ነው። ይሁንና መሣሪያው የተቀመጠውን ሰው ዕድሜ አይለይም። ባለንብረቱ ወይም አሽከርካሪው ሳያውቀው ታስሮ ከተገኘ፣ በኋላ ወንበር ላይ ያለ አዋቂ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ተሳፋሪም በራሱ መውጣት አይችልም። በአዘቦት ቀን ይህ ከጥቂት መጉላላት አያልፍም፤ በእሳት ቃጠሎ፣ በግጭት ወይም በጎርፍ ጊዜ ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በአገራችን ጉዳዩን ልዩ ትኩረት የሚያሻው የተሽከርካሪዎቹ ዕድሜ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ፣ ቀደም ሲል የገቡት አውቶሞቢሎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ። በርካታዎቹ የአምራቹ የአጠቃቀም መመሪያ የላቸውም። መመሪያው ቢኖርም በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት አውቶሞቢሉን ለዓመታት ያሽከረከረ ሰው እንኳ በኋላ በሮቹ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። ብዙ ባለንብረቶች በሩ ተበላሽቷል በሚል እምነት ወደ ጋራዥ የሚሄዱትም ከዚህ የተነሳ ነው።

መቆለፊያው የሚገኝበት ቦታና አሠራሩ

መቆለፊያው ከውጭም ሆነ ከውስጥ አይታይም። የሚገኘው በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከማጠፊያዎቹ በተቃራኒ ባለው ወገን፣ በሩ ሲዘጋ ከአውቶሞቢሉ ምሰሶ ጋር በሚገጥመው ብረት ላይ ነው። በዚሁ ጠርዝ ላይ የበሩ መንጠቆ፣ ማለትም በምሰሶው ላይ የተተከለውን ብረት የሚይዘው ተዟዟሪ አካል አለ፤ መቆለፊያው ከመንጠቆው ጥቂት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለሆነም ሊታይና ሊነካ የሚችለው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ በውስጥ የተቀመጠ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት አይገባምና።

ቅርጹ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ቶዮታ ኮሮላ ባሉ የጃፓን ሥሪት አውቶሞቢሎች በአብዛኛው የሚታየው በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ምላስ መሰል ማንሸራተቻ ነው። እንዲህ ያለው በጣት ጫፍ ይንቀሳቀሳል። በበርካታ የአውሮፓ ሥሪት አውቶሞቢሎች ደግሞ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ያለበት አነስተኛ ክብ ማዞሪያ ይገኛል፤ የሚዞረው በመኪናው ቁልፍ ጫፍ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ነው።

መቆለፊያው ሲታሰር የሚያደርገው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የውስጡ እጀታ ከበሩ መንጠቆ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ያቋርጣል። እጀታው ይሳባል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ነገር ግን መንጠቆውን አያላቅቀውም። የውጩ እጀታ እንደወትሮው ይሠራል። ስለሆነም የሕፃናት መቆለፊያ የታሰረበት በር በተራ ቁልፍ ካልተቆለፈ በስተቀር ማንኛውም መንገደኛ ከውጭ ሊከፍተው ይችላል፤ መሣሪያውን የሌባ መከላከያ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። በተጨማሪም የቀኙና የግራው በር መቆለፊያ እርስ በርሳቸው አይገናኙም። አንዱን መልቀቅ ሌላውን አይለቀውም፤ ሁለቱም ለየብቻ መታየት አለባቸው።

መቆለፊያው ማንም ሳያስበው ሊታሰር ይችላል። አውቶሞቢል ሲታጠብ የበሩን ጠርዝ በጨርቅ የሚወለውል ሠራተኛ ማንሸራተቻውን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። በሩ ተከፍቶ ሳለ ሕፃናት ሊነካኩት ይችላሉ። የተበላሸ የበር ቁልፍ ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ በተገዛ ያገለገለ መለዋወጫ ሲተካ፣ መለዋወጫው መቆለፊያው እንደታሰረ ሊመጣ ይችላል። የጥገና ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ በሩን ከውጭ ብቻ ሞክሮ ካስረከበ፣ ችግሩ የሚታወቀው ተሳፋሪ ውስጥ ሲቀር ነው።

በቅድሚያ ችግሩን መለየት

የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ሲል ምክንያቱ ሁልጊዜ የሕፃናት መቆለፊያ ነው ማለት አይደለም። በቆየ አውቶሞቢል ሦስት ነገሮች ይምታታሉ፤ ተራው የበር ቁልፍ፣ የሕፃናት መቆለፊያውና ያረጀ ወይም የተሰበረ የውስጥ አካል። እነዚህን ሳይለዩ የበሩን የውስጥ ልባስ መፍታት ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጀመሪያ ተራው ቁልፍ መከፈቱ ይረጋገጥ። ሴንትራል ሎክ ባላቸው አሮጌ አውቶሞቢሎች የአንዱ በር ሞተር ደክሞ ቁልፉን በግማሽ ብቻ ሊያነሳው ስለሚችል፣ የሪሞቱን ድምፅ ሰምቶ በሩ ተከፍቷል ብሎ መደምደም አይቻልም። በመስኮቱ ሥር ወይም በእጀታው አጠገብ ያለው የቁልፍ ምልክት በእጅ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መድረሱ መታየት አለበት። ከዚያ በሩ ከውጭ ይሞከር። ከውጭ ተከፍቶ ከውስጥ የማይከፈት ከሆነ ምክንያቱ የሕፃናት መቆለፊያው ወይም የውስጡን እጀታ ከመንጠቆው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ወይም ዘንግ ነው። ከውስጥም ከውጭም የማይከፈት ከሆነ ግን የሕፃናት መቆለፊያው ብቻውን ለዚህ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ብልሽት አለ ማለት ነው።

የአለቃቀቁ ሂደት

ሥራው የሚከናወነው አውቶሞቢሉ በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶና የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ነው። መንገድ ዳር ከሆነ በትራፊክ ፍሰቱ በኩል ያለውን በር ከመክፈት በፊት ከኋላ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ማየት ያስፈልጋል።

በሩ ከውጭ ይከፈታል። ማንም ውጭ በሌለበት ውስጥ የቀረ ሰው ከሆነ የኋላውን መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አውጥቶ የውጩን እጀታ መሳብ ይችላል። በሩ እንደተከፈተ በጠርዙ ላይ ማንሸራተቻው ወይም ማዞሪያው ይፈለጋል። በአጠገቡ ብዙውን ጊዜ የሕፃን ሥዕል፣ የቁልፍ ምልክት ወይም አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ጽሑፉ ደብዝዞ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ ከየትኛው ወገን «የታሰረ» ከየትኛውስ «የተለቀቀ» እንደሆነ በግምት መወሰን አይገባም። በአንዳንድ አውቶሞቢሎች ማንሸራተቻው ወደ ታች ሲወርድ ይታሰራል፣ በሌሎች ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ። ማዞሪያውም እንዲሁ ነው፤ በቀኝና በግራ በር ላይ የሚዞርበት አቅጣጫ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ማንሸራተቻው አሁን ካለበት ወደ ሌላው ጫፍ ይገፋል፤ ከዚያም ይፈተሻል።

አፈታተሹ በሩን መዝጋት አያስፈልገውም። በሩ ክፍት እንዳለ የመንጠቆው ተዟዟሪ አካል በካቻቪቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በሩ እንደተዘጋ ያህል «ቀጭ» ብሎ ይያዛል። ከዚህ በኋላ የውስጡ እጀታ ይሳብ። መንጠቆው ተፈናጥሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ መቆለፊያው ተለቋል። ካልተመለሰ ወይ መቆለፊያው አሁንም እንደታሰረ ነው፣ ወይ የውስጡ እጀታ ሽቦ ተበጥሷል፤ ማንሸራተቻውን ወደ መጀመሪያው ቦታ መልሶ በድጋሚ መሞከር ሁለቱን ይለያል። በማንኛውም ሁኔታ የውጩ እጀታ ተስቦ መንጠቆው መከፈት አለበት። መንጠቆው እንደተያዘ በሩን ለመዝጋት መሞከር የበሩንም የምሰሶውንም ብረት ይጎዳል። ይህ ሙከራ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ሰውን ውስጥ ዘግቶ «ይከፈት እንደሆን ሞክር» ከማለትም እጅግ የተሻለ ነው። በመጨረሻ መስኮቱ ወርዶ፣ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ፣ በሩ በትክክል ተዘግቶ ከውስጥ አንድ ጊዜ ይከፈታል።

ማንሸራተቻው አልንቀሳቀስ ሲል

ለዓመታት ያልተነካ ማንሸራተቻ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። አቧራ በፋብሪካው ግሪስ ላይ ተለጥፎ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ የክረምቱ ጭቃና እርጥበት ደግሞ ዝገት ይጨምርበታል። በኮረኮንችና በጥርብ ድንጋይ መንገድ የሚመላለሱ አውቶሞቢሎች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት በፒንሳ ይዞ መጎተት ወይም በካቻቪቴ መምታት ነው። የማንሸራተቻው ጫፍ በአብዛኛው ፕላስቲክ ወይም ስስ ብረት ስለሆነ ይሰበራል። ከተሰበረ መቆለፊያው በነበረበት ሁኔታ ይቀራል፤ ታስሮ ከነበረም ሙሉውን የበር ቁልፍ መቀየር ሊያስፈልግ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ቦታው በደረቅ ብሩሽ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽም ቢሆን፣ ይጸዳል። እንደ ደብልዩ ዲ 40 ያለ ዘልቆ የሚገባ ቅባት በጥቂቱ ተነፍቶበት ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ማንሸራተቻው ሳይገደድ ወዲያና ወዲህ በትንሽ በትንሹ ይነቃነቃል፤ ካልሆነ ቅባቱ ይደገማል። ሲለቅ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ጊዜ ያህል ማመላለስና ቆሻሻውን መጥረግ ይገባል። መጨረሻ ላይ ስስ ግሪስ ይቀባል፤ ዘልቆ የሚገባው ቅባት ስለሚተን ብቻውን አይበቃም።

ከሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። አቧራ ይሰበስባል፣ የተሳፋሪንም ልብስ ያበላሻል። ማንሸራተቻውን በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ የተነፋው ቅባትም ተቀጣጣይ ነው።

በሩ ከውስጥም ከውጭም የማይከፈት ከሆነ

በቆዩ አውቶሞቢሎች እጅግ አስቸጋሪው ሁኔታ የሕፃናት መቆለፊያው ታስሮ ሳለ የውጩ እጀታ ሲበላሽ ነው። የውጩ እጀታ ከመንጠቆው ጋር የሚገናኘው በቀጭን ዘንግ ሲሆን ዘንጉን የሚይዘው አነስተኛ የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። ፕላስቲኩ በፀሐይና በዕድሜ ብዛት ይደርቅና ይሰበራል፤ እጀታው ሲሳብ ላላ ብሎ ይመጣል። ሁለቱም መንገዶች ስለሚዘጉ በሩ የሚከፈትበት ቀላል ዘዴ አይኖርም። ማንሸራተቻው በተዘጋው በር ጠርዝ ውስጥ ስላለ አይደረስበትም።

ባለሙያ በሩ እንደተዘጋ የውስጡን ልባስ በጥንቃቄ ፈትቶ ዘንጉን ከውስጥ ይስባል። ለዚህም የኋላውን ወንበር ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ አንዳንድ ብሎኖች በወንበሩና በበሩ መካከል ይደበቃሉና። ከመስኮቱ ጎማ በኩል ሽቦ አስገብቶ መጎርጎር ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን የመስኮት ማውረጃውንና የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ሊበጥስ ይችላል። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ለመለዋወጫ የሚገዛው የበር ቁልፍ የቀኝና የግራ መለያ ያለው መሆኑ ነው፤ የአንዱ በሌላው አይተካም። ሲገጠምም ልባሱ ከመመለሱ በፊት የሕፃናት መቆለፊያው፣ የውስጡና የውጩ እጀታ በክፍት በር ላይ መሞከር አለባቸው።

የውጩ እጀታ መላላት ሲጀምር ወዲያው ማስጠገን እንጂ «ከውስጥ ይከፈታል» ብሎ ማቆየት ተገቢ አይደለም። እስኪጠገን ድረስም የዚያ በር የሕፃናት መቆለፊያ እንደተለቀቀ መቆየት ይኖርበታል።

አደጋ በሚያጋጥምበት ጊዜ

የሕፃናት መቆለፊያ በታሰረበት አውቶሞቢል አደጋ ቢደርስ የመጀመሪያው ኃላፊነት የአሽከርካሪው ነው። አሽከርካሪው ራሱ ከወጣ በኋላ የኋላ በሮችን ከውጭ መክፈት ያለበት እርሱ ነው፤ የኋላ ተሳፋሪዎች ይከተሉኛል ብሎ መራቅ አይገባውም። አሽከርካሪው ራሱን የሳተ እንደሆነ በኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች የደኅንነት ቀበቷቸውን ፈትተው በፊት ወንበሮች መካከል አልፈው በፊት በር መውጣት ይችላሉ። የፊት በሮች የሕፃናት መቆለፊያ የላቸውም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በጭስ በተሞላ አውቶሞቢል ውስጥ የማይሠራ እጀታ ደጋግሞ በመሳብ የሚባክነውን ጊዜ ያተርፋል።

ጎርፍ ወይም ውኃ ውስጥ የገባ አውቶሞቢል በር በውኃው ግፊት ምክንያት ባይቆለፍ እንኳ ለመክፈት ያስቸግራል። ስለሆነም ውኃው ከመስኮቱ ከፍታ ሳይደርስ መስኮቶቹን ማውረድና በመስኮት መውጣት ይገባል። መስኮቱ እምቢ ካለ የጎን መስታወት ከመሃሉ ይልቅ በጥጉ አካባቢ በጠንካራና ሹል ነገር ሲመታ ይሰበራል፤ የፊት መስታወቱ ግን በመሃሉ ፕላስቲክ ስላለው በቀላሉ አይበሳም። በአዲስ አበባ የእሳትና የአደጋ ጥሪ በ939 ይደረጋል።

በፀሐይ በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ ሕፃንን ለብቻው መተው በማንኛውም ሁኔታ አይፈቀድም፤ መቆለፊያው ታስሮ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ በር ከፍቶ የመውጣት ዕድል የለውም። የውስጡ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጩ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ አብዛኛው ጭማሪ የሚታየውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮትን በትንሹ ከፍቶ መሄድ ይህን አያስቀረውም።

መቼ ይታሰር፣ መቼ ይለቀቅ

መቆለፊያውን መልቀቅ ለዘለቄታው ይቅር ማለት አይደለም። እጀታ መሳብ የጀመረና አደጋውን የማይረዳ ሕፃን በኋላ ወንበር ሲሳፈር መቆለፊያው መታሰር አለበት፤ ሕፃናት ሳይኖሩ አዋቂዎች ሲሳፈሩ ደግሞ መለቀቅ አለበት። የሜትር ታክሲና መሰል አገልግሎት የሚሰጡ አሽከርካሪዎች ይህን በተለይ ሊያጤኑት ይገባል። ተሳፋሪ፣ በተለይም ምሽት ላይ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት፣ በሩ ከውስጥ እንደማይከፈት ድንገት ስታውቅ የሚሰማት ስጋት ቀላል አይደለም። አሽከርካሪው ምንም ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም ሁኔታውን ማስረዳት ይከብደዋል። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ጎማና መብራት እንደሚታይ ሁሉ የሁለቱን በሮች ጠርዝ ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

በአገራችን ተሽከርካሪ የሚነዳው በቀኝ በኩል ስለሆነ ተሳፋሪ በጥንቃቄ የሚወርደው በቀኝ በር ነው። የግራው የኋላ በር የሚከፈተው ወደ ትራፊኩ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ወላጆች የግራውን መቆለፊያ ዘወትር አስረው የቀኙን እንደ አስፈላጊነቱ ይለቃሉ። አሠራሩ ሕፃናት ለሚመላለሱበት የቤት አውቶሞቢል ተቀባይነት ያለው ነው፤ የቀኙ በር ከውስጥም ከውጭም በደንብ መሥራቱ ግን በየጊዜው መረጋገጥ ይኖርበታል። ለኪራይና ለታክሲ አገልግሎት ሁለቱም ቢለቀቁ ይመረጣል። አውቶሞቢል የሚገዛ ሰውም ሞተሩንና ላሜራውን ሲመለከት እነዚህን ሁለት በሮች ከውስጥ ከፍቶ ማየት አለበት። ከሻጩ የሚገኝ ቃል ይህን አይተካውም።

ስለሌሎች ተሽከርካሪዎች

እንደ ቮልስዋገን ቢትል ያሉ ባለሁለት በር አውቶሞቢሎች የኋላ በር ስለሌላቸው ጉዳዩ አይመለከታቸውም፤ በእነርሱ የኋላ ተሳፋሪ የሚወጣው የፊት ወንበር ታጥፎለት ነው። ተንሸራታች በር ባላቸው አንዳንድ ሚኒባሶች ግን ተመሳሳይ ማንሸራተቻ በበሩ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ በሩን ሁልጊዜ ረዳቱ የሚከፍተው ከሆነ መታሰሩ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በአዳዲስ አውቶሞቢሎች መቆለፊያው በአሽከርካሪው አጠገብ ባለ የኤሌክትሪክ ቁልፍ ሊታሰርና ሊለቀቅ ይችላል፤ በእነዚህ ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ የሚታዘዙበት ሁኔታ አለ፤ በመሪው አካባቢ ወይም በበሩ ላይ የሚበራው ትንሽ መብራት መታሰሩን ያመለክታል።